ሙሉው፣ ቲኬኤሉ ወይስ 75ቱ? ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ኪቦርድ ምረጡለት

ውርጭ_ደብረብርሃን
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ አልፎ አልፎ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። አብዛኛው አማርኛ ነው።

እስካሁን የምሠራው በተራዋ የላስቲክ ኪቦርድ ነው። ዓመት ሳይሞላ አንዷን እቀብራለሁ። ባለፈው ሳምንት የ«ነ» ቁልፍ ሞተችብኝ። «ነ» የሌለበት ማመልከቻ ጻፉ እስቲ። «አመልካች ነኝ» ማለት እንኳ አይቻልም።

አሁን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ነው። ሜካኒካል፣ ማለትም ከየቁልፉ ሥር የራሱ ስዊች ያለው፣ አምጣልኝ አልኩት። «የቱን?» ብሎ አራት ፎቶ ላከልኝ። ሙሉው 104 ቁልፍ፣ ቲኬኤል የሚሉት 87፣ 75 በመቶ የሚባለው 84፣ አራተኛዋ 60 በመቶ የምትባል፣ 61 ቁልፍ ብቻ ያላት ሚጢጢ። ሚጢጢዋ ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ጠረጴዛዬ ላይ ፕሪንተር፣ ስቴፕለር፣ የወረቀት ክምርና የሻይ ብርጭቆ ተጋፍተው ነው ያሉት። ማውሴ ሁለቴ ወድቋል። ቦታ የሚቆጥብ ነገር እፈልጋለሁ። ግን ጣቴ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ኪቦርድ ላይ እንዳልደናበር ፈራሁ። አንዴ ከመጣ ደግሞ መልሼ አልቀይረው። ምን ትላላችሁ?


ሮቢት_ሒሳብ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

ሙሉውን። አለቀ።

እኔ ሸዋ ሮቢት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ ከሌለ እጄ እንደተቆረጠ ነው የምቆጥረው። ኤክሴል ላይ ኤፍ 2 ሴሉን ይከፍትልሃል፣ ኤፍ 4 ቀመሩ ውስጥ ያለውን አድራሻ ይቆልፍልሃል። ያቺ ሚጢጢ ኤፍ የሚባል ረድፍ ጭራሽ የላትም። ቀስትም የላትም። ምን ልታደርጋት ነው? ለጌጥ?


ኮድ_በሌሊት
ሰኞ፣ ቀን 6፡05

ሮቢት፣ አትቆጣ እንጂ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ 😄

ውርጭ፣ መጀመሪያ የጣትህን ነገር ላቅልልህ። 60 በመቶ፣ 75 በመቶ ሲባል ቁልፎቹ አነሱ ማለት አይደለም። የቀነሰው የቁልፎቹ ብዛት ነው። በሁሉም ላይ ከአንዱ ፊደል መሀል እስከ ጎረቤቱ መሀል 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ላይ ጣትህ የሚያውቀውን ያህል ቦታ ያገኛል።

ልዩነቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሙሉው ከጫፍ እስከ ጫፍ 44 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይዘረጋል። ቲኬኤሉ የቁጥር ሰሌዳው ተቆርጦለት 36 አካባቢ ይሆናል። ሚጢጢዋ 30 አትሞላም። ከቲኬኤሉ የምታተርፈው 8 ሴንቲ ለማውስህ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ግን ለፎቶ ነው። ይህን የምልህ ራሴ ባለ 61 ተጠቃሚ ሆኜ ነው። እኔ ኮድ ነው የምጽፈው። ቀስቶቹን ኤፍኤን የሚባለውን ቁልፍ ተጭኜ ከፊደል ሥር አወጣቸዋለሁ። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አንተ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በል፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» እያለህ ሁለት ሳምንት አለህ?


ውርጭ_ደብረብርሃን
ሰኞ፣ ቀን 7፡30

የለኝም። ሁለት ደቂቃም የለኝም። የመሐል ሜዳ መኪና ጠዋት ነው የሚወጣው።

እሺ፣ ሚጢጢዋ ወደቀች። 75 እና ቲኬኤል ቀሩ። ሮቢት፣ ሙሉውንም አልረሳሁትም።


የመንዟ_ታይፒስት
ሰኞ፣ ማታ 1፡20

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። መሐል ሜዳ ሲባል ሰምቼ ገባሁ። እኔ እዚያው ነኝ። ከጡረታ በፊት ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በታይፕ ነው። መጀመሪያ በብረቱ የጽሕፈት መኪና፣ ኋላ በኮምፒውተር።

ውርጭ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ጠ»ን ስትጽፍ የትኛውን ሺፍት ነው የምትጫነው?


ውርጭ_ደብረብርሃን
ሰኞ፣ ማታ 1፡42

እትዬ፣ እንደምን አመሹ። አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ሞከርኩት። የግራውን ነው። ለካ ሁሉንም በግራው ነው የምጫነው!


የመንዟ_ታይፒስት
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ገምቼ ነበር። ስለዚህ «ጠ» ስትል ግራ እጅህ ሁለት ሥራ ይሠራል። ትንሿ ጣት ሺፍቱን ይዛ፣ ሌላዋ ወደ ላይ ተንጠራርታ። ማታ ማታ የግራ አንጓህን አያምህም?

እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍት የሚፈልገው ዐረፍተ ነገር ሲጀምርና ስም ሲጽፍ ነው። እኛ በየቃሉ ነው የምንፈልገው። በድምፅ በምንጽፍበት ሥርዓት ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ዠ የቲ፣ የሲ፣ የኤስ እና የዜድ ትልልቆቹ ናቸው። አራቱም ግራ እጅ ሥር ናቸው። ስለዚህ ሺፍታቸው የቀኙ ነው። ኘ፣ ጰ እና ሐ ደግሞ ቀኝ እጅ ሥር ናቸው፤ የነሱ የግራው ነው። አስተማሪያችን ይህን የምታስገባልን እጃችን ላይ በማስመሪያ ነበር።

ይህን ማለቴ ለወግ አይደለም። የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ አንድ ትንሽ ኪቦርድ ይዛ መጥታ ነበር። ቀስት ያላት ናት፣ ግን የቁጥር ሰሌዳም የኤፍ ረድፍም የላትም። ሞከርኩላት። «ጠጅ» ብዬ ልጽፍ ቀኙን ሺፍት ስፈልግ ጣቴ የላይ ቀስቷ ላይ አረፈች። መስመሩን ጥሎ ላዩ ላይ ወጣ። «ጨው» ስል እንደገና ወጣ። ሺፍቱን አሳጥረው ቀስቷን እሱ ቦታ ላይ ነው የሸጎጧት። ከሁለት ገጽ በኋላ መልሼ ሰጠኋት።


ኮድ_በሌሊት
ሰኞ፣ ማታ 2፡25

እትዬ፣ ይህን ነገር ከእርስዎ በፊት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ልክ ነዎት። አሁን የ65 በመቶውን (የልጅ ልጅዎ ዓይነቷን) እና የ75ቱን ስዕል ከፍቼ አየሁት። በሙሉውና በቲኬኤሉ ላይ ቀኙ ሺፍት ሁለት ቁልፍ ከሦስት አራተኛ ያህል ይረዝማል። በ65ና በብዙዎቹ 75ዎች ላይ አንድ ቁልፍ ከሦስት አራተኛ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ቁልፍ ለቀስቷ ተሰጥቷል። የሚገርመው የኔዋ ባለ 61 ቀስት ስለሌላት ሺፍቷ ሙሉ ነው።

በድረ ገጽ ላይ ሰው ሁሉ 75 ምረጡ፣ ከሁሉም ሚዛኑን የጠበቀ ነው ይላል። የሚለው እንግሊዝኛ የሚጽፈው ሰው ነው።


ተርጓሚ_አንኮበር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

እትዬ በቀኙ ሺፍት ገቡ፣ እኔ በግራው ልግባ።

ውርጭ፣ ከዱባይ የሚመጣ ከሆነ መጠኑን ብቻ አትይ፤ ቅርጹንም እይ። ሁለት ዓይነት አለ። አንሲ የሚባለው የአሜሪካው ነው፣ አይሶ የሚባለው በብዛት አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው። የአክስትህ ልጅ ስሙን መያዝ አያስፈልገውም። ኢንተሩን ይይ። ኢንተሩ አግድም ተኝቶ አንድ ረድፍ ብቻ ከያዘ አንሲ ነው። ቆሞ ሁለት ረድፍ ከያዘ አይሶ ነው።

ኢንተሩ ራሱ ብዙም አይደለም፤ ይለመዳል። ችግሩ ግራ በኩል ነው። አይሶው ላይ ግራ ሺፍት ተቆርጦ አጠገቡ አንድ ትርፍ ቁልፍ ይገባበታል። አንሲው ላይ ሺፍቱ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አይሶው ላይ 24 ገደማ ይቀረዋል። እኔ ለትርጉም ሥራ በተሰጠኝ ላፕቶፕ ላይ «ኘ» ልጽፍ በሄድኩ ቁጥር ያቺን ትርፍ ቁልፍ እየነካሁ ወደ ኋላ ያጋደለች ሰረዝ እያስገባሁ ነበር። አንድ ውል ውስጥ ሦስት ቀርታ ደንበኛው ነው ያገኘልኝ። አፈርኩ።

ሌላም አለ። ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን፣ ከኢስኬፕ ሥር ያለችውን ቁልፍ ታውቋታላችሁ? እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ዓመት ሙሉ ላይነካት ይችላል። ሴራ (SERA) በሚባለው በድምፅ የመጻፊያ ሥርዓት ለሚጽፍ ግን «ሠ» እና «ኀ» በእሷ በኩል ነው የሚመጡት። «ሠራተኛ» ለማለት እሷን፣ «ኀሙስ» ለማለት እሷን። 60 እና ብዙዎቹ 65 ላይ ያ ቦታ ለኢስኬፕ ተሰጥቷል። እሷን ለማግኘት ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች ሌላ መንገድ አላቸው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንተ የምትጽፍበት የቱን እንደሚጠቀም እይ።


ውርጭ_ደብረብርሃን
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

እኔ «ሠ»ን በእሷ ነው የምጽፈው። ሠራተኛ፣ ሥራ፣ ሥልጣን፣ ሠርግ። ቀኑን ሙሉ!

ሰዎች፣ ሦስት ዓመት ስጽፍ ጣቴ የሚሠራውን አላውቀውም ለካ።


ዝምተኛው
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

ለምን ክርክር? የማትፈልገውን በፕላስተር ሸፍነህ አንድ ሳምንት ሥራ።


ውርጭ_ደብረብርሃን
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡33

ዝምተኛው፣ ስምህን አሰደብክ። አሁኑኑ እሸፍናለሁ። አንድ አሮጌ ሙሉ ኪቦርድ መጋዘን ውስጥ አለኝ።


ባለ_ካፌው
ማክሰኞ፣ ማታ 12፡40

የፊደል አቀማመጡንስ? በኪው፣ በደብሊው የሚጀምረው ለእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ከ150 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ድቮራክ የሚባል በ1936 የፈጠራ መብት ያገኘ ሌላ አለ። እሱን ብትሞክርስ?


ኮድ_በሌሊት
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ይህን ለራሴ ሞክሬዋለሁና አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ።

ድቮራክ ላይ አምስቱም አናባቢዎች መሀለኛው ረድፍ ላይ፣ በግራ እጅ ጣቶች ሥር ናቸው። አብዛኞቹ ተነባቢዎች በቀኝ ናቸው። የኛ ጽሕፈት ደግሞ ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ተነባቢ፣ አናባቢ እያለ ነው የሚሄደው። «ሰላም» በሉ። አምስት ጭነት ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ልክ እንደ ከበሮ። በለመድነው ላይ «ሰ» ብቻዋን ሁለቱንም ጭነት በግራ እጅ ነው የምትበላው። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነገር ሳይታሰብ ለአማርኛ ተመቸ።

ግን አትቸኩሉ። የ«የ»፣ የ«ከ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ሸ» እና የ«ጀ» ቁልፎች ግራ ወድቀዋል። «የ» እና «ከ» የሌሉበት የአማርኛ መስመር የት ይገኛል? «ከየት» ብለው ሲጽፉ ከመጨረሻው ፊደል በቀር ሁሉም በግራ ነው። ከበሮው እዚያ ላይ ይሰበራል። እኔ ሁለት ወር ቆይቼ ተመለስኩ። የተመለስኩበት ዋና ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ የሰው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ እንደ ጀማሪ በአንድ ጣት መልቀም ጀመርኩ።

መሞከር የሚፈልግ ካለ አቀማመጡን ዊንዶውስ ላይ ሳይሆን ኪቦርዱ ላይ ራሱ ቢቀይር ይሻለዋል። ኪውኤምኬ ወይም ቪያ የሚባሉትን፣ ቁልፎቹን እንደገና መመደብ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች የሚቀበል ኪቦርድ ከሆነ ይቻላል። ያኔ የአማርኛው ፕሮግራም ምንም ሳያውቅ እንደ ድሮው ይሠራል።


የመንዟ_ታይፒስት
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ኧረ ልጆች፣ ውርጭ ሱቅ ውስጥ ረዳት አለው መሰለኝ። ሁለት ሰው በሚጽፍበት መኪና ላይ ፊደል አይነካካም። እኛ ዘንድ የአንዱን መኪና ወንበር ዝቅ ማድረግ እንኳ ያጣላ ነበር።


ሮቢት_ሒሳብ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡50

እትዬ ይሙቱ፣ እውነት ነው።

ስዊቹንስ የሚነግረው የለም? ሰማያዊው ቀጭ ቀጭ ይላል። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው አመጣና ሦስት ቀን አልሞላውም፤ ሥራ አስኪያጁ መልሰህ ውሰድ አለው። ቀዩ ለስላሳ ነው፣ 45 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ግን ጣትህን ካሳረፍክበት ሳታስበው ይጽፋል። ቡናማው መሀል ነው። ስትጫን ትንሽ ጉብ ያለ ነገር ይሰማሃል፣ ድምፁ ግን አይጮህም።


ኮድ_በሌሊት
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡05

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ጣት ደንዝዞ ቁልፍ ላይ ያርፋል። ለእሱ ቀዩ አይሆንም፤ «ስስስስ» ይላል። ቡናማ።

እና ሆትስዋፕ መሆኑን ይጠይቅ። ሳይበየድ ስዊቹ የሚነቀል ማለት ነው። «ነ» ብትሞትበት አንዷን ነቅሎ ሌላ ይተክላል። አሥር ትርፍ ስዊች ጨምሮ ያስመጣ። ገመድ ያለው ይሁን። መብራት ስትሄድ በላፕቶፕ ባትሪ የምትጽፍ ሰው ያንን ቀስተ ደመና መብራት አጥፋው።


ውርጭ_ደብረብርሃን
እሑድ፣ ቀን 9፡00

የፕላስተሩን ውጤት ይዤ መጣሁ።

የቁጥር ሰሌዳውን ማክሰኞ ሸፈንኩ። ረቡዕና ኀሙስ አንዴም አልፈለኩትም። ማመልከቻ ላይ ያለው ቁጥር ቀንና የስልክ ቁጥር ነው፤ እሱን ከላይ ባለው ረድፍ እለቅማለሁ። ዓርብ ዕለት ግን አንድ የዕድር ሰብሳቢ የአባላት መዋጮ ዝርዝር ይዘው መጡ። ስም፣ ብር፣ ስም፣ ብር፣ አራት ገጽ። ፕላስተሩን በጥርሴ ነው የላጥኩት። ሮቢት፣ ትዝ አልከኝ።

ቅዳሜ የኤፍ ረድፉን ሸፈንኩ። ኤፍ 12 ብቻ ናፈቀኝ፤ በሌላ ስም ለማስቀመጥ እጠቀምበታለሁ። ያልጠበቅኩት ሆምና ኤንድ ናቸው። ውል ሳርም በየመስመሩ ነው ለካ የምጫናቸው። እነሱ ተነጥለው፣ ሳይታዩ በጣት የሚገኙበት ቦታ እፈልጋለሁ። 75ቱ ላይ በቀኝ ጠርዝ ተደርድረው ከሌላው ጋር ተጣብቀዋል። ቲኬኤሉ ላይ ክፍት ቦታ ተትቶላቸዋል።

የቀኙን ሺፍት እየተለማመድኩ ነው። እትዬ፣ ሁለት ቀን ሰደብኩዎት። ዛሬ አንጓዬ ቀለል አለኝ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩለት ይህ ነው፦ ቲኬኤል፣ 87 ቁልፍ፣ ኢንተሩ የተኛ፣ ቡናማ፣ ሆትስዋፕ፣ ባለ ገመድ። ከተረፈው ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ለብቻው ያለ የቁጥር ሰሌዳ። ዕድሩ ሲመጣ አወጣዋለሁ፣ ሲሄዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።


ሮቢት_ሒሳብ
እሑድ፣ ቀን 9፡20

ለብቻው ያለውን በግራ በኩል አድርገው። ቀኝ እጅህ ማውሱን ይይዛል፣ ግራው ቁጥሩን ይጽፋል። ለመልመድ ወር ይፈጃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንተም እንደኔ ትሰብካለህ።


ተርጓሚ_አንኮበር
እሑድ፣ ማታ 1፡00

ከሥሩ የባና (የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ) ቁራጭ አንጥፍበት። የጠረጴዛውን ድምፅ ይውጠዋል። ለዚሁ ብለው የሱፍ ምንጣፍ በውድ የሚሸጡ አሉ፤ እኛ መንዝ አጠገባችን ነው።


የመንዟ_ታይፒስት
እሑድ፣ ማታ 1፡30

ባናው ከእኔ ይሁን። ጠዋት በሚወጣው መኪና እልክልሃለሁ።


ውርጭ_ደብረብርሃን
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ደረሰ! ቲኬኤል ነው፣ ኢንተሩ ተኝቷል፣ ስዊቹ ቡናማ ነው። ልጁ አንዲት ነገር ብቻ አልጠየቀኝም። ኪካፖቹ (የቁልፎቹ ክዳኖች) ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን ዐረብኛ ታትሞበታል። ለሥራ ምንም አያደርግም፣ እኔ ፊደሉን አላየውም። ግን ትናንት አንድ አባት ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው ኪቦርዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ልጄ፣ የኔው በአማርኛ ይሁንልኝ» አሉኝ።

ባናው ከሥሩ አለ። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ረዳቴ ቁራጩን አይታ ለወንበሯም እየፈለገች ነው።


የመንዟ_ታይፒስት
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡25

ለወንበሯ የሚሆን አለኝ። ልኩን ላኪልኝ በላት።

«ጠ»ን በየትኛው ነው የምትጫነው አሁን?


ውርጭ_ደብረብርሃን
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡26

በቀኙ ነው እትዬ። ባለጉዳይ ሲበዛ በግራው 🙈